ያን ምግብ ማን አዘጋጀው?

ወገኖቼ፣ መጽሐፍ ቅዱሳችሁን ያዙና የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9 ቁጥር 36ን አውጡ። መጽሐፉ አጠገባችሁ ከሌለም ግድ የለም፤ ታሪኩን አብረን እንሄድበታለን።

ኢዮጴ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ጣቢታ የምትባል ደቀ መዝሙር ነበረች። በግሪክኛ ዶርቃ ይሏታል። ታመመችና ሞተች። አጠቧት፣ በሰገነትም አኖሯት። ጴጥሮስ በቅርብ፣ በልዳ ነበርና ሳይዘገይ እንዲመጣ ሰው ላኩበት። ሲደርስ የገጠመው ለቅሶ ቤት ነው።

እኛ አገር ለቅሶ ስንሄድ የሟች አጭር የሕይወት ታሪክ ይነበባል አይደል? መቼ ተወለደች፣ ማንን አገባች፣ ስንት ልጆች ወለደች፣ የየትኛው ጸሎት ቤት አባል ነበረች። በኢዮጴ ግን ወረቀት የያዘ ሰው አልነበረም። መበለቶቹ ጴጥሮስን ከበው እያለቀሱ ልብስ ነው ያሳዩት። ዶርቃ ከእነርሱ ጋር ሳለች በእጇ የሠራችውን ቀሚስና መጎናጸፊያ።

ልብ በሉ። ዶርቃ ስትናገር አንድ ቃል አልተጻፈልንም። ይህን ሰበከች፣ ያን ትንቢት ተናገረች አልተባለም። የሕይወት ታሪኳ የተነበበው ከመበለቶቹ ገላ ላይ ነው።

እኔ መጋቢ ስለሆንኩ በሽኝት ላይ ብዙ ጊዜ እቆማለሁ። በወላይታ ገጠር ስድሳ ሰባ ዓመት አፈር ስትቆፍር፣ እንሰት ስትፍቅ፣ ልጅ ስታሳድግ፣ ጌታን ስታገለግል የኖረች እናት ታሪኳ በግማሽ ገጽ ያልቃል። መጨረሻ ላይ "ለቤተ ክርስቲያንዋ ታማኝ ነበረች" ይባልና ወደ ጸሎት ይታለፋል። ዛሬ ያችን አንዲት ዐረፍተ ነገር እንፍታት። ታማኝ ነበረች ማለት ምን ማለት ነው? በየትኛው እጅ? በየትኛው ጉልበት? ከምን ላይ ቆርሳ?

በሶዶ እስር ቤት ደጃፍ

የወላይታን የወንጌል ታሪክ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ለወጣቶቻችን ስል ግን ልድገመው።

የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን መልእክተኞች ወላይታ የገቡት በ1920 ዓ.ም. ነው። ሥራው ቶሎ አላፈራም። የመጀመሪያዎቹ አሥር አማኞች የተጠመቁት በ1926 ዓ.ም. ነው፤ ስድስት ዓመት ያህል ተጠብቆ አሥር ሰው! ከዚያ ጣሊያን አገራችንን ወረረ። በ1929 ዓ.ም. ሚሲዮናውያኑ ከሶዶ እንዲወጡ ሲደረግ፣ ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ አማኞች 48 ነበሩ። በወላይትኛ የነበራቸው የማርቆስ ወንጌልና ጥቂት የተመረጡ የቃሉ ክፍሎች ብቻ ነበር። አብዛኞቹ ማንበብ አይችሉም። ሚሲዮናውያኑም "ስንመለስ ምን እናገኝ ይሆን?" እያሉ ነው የተለዩአቸው።

ቀጥሎ የመጣው ስደት ነው። ጸሎት ቤቶች ፈረሱ። መሪዎች ተያዙ። በወላይታ ያገለገሉት ሬይመንድ ዴቪስ በጻፉት ታሪክ መሠረት፣ ሃምሳ የሚሆኑ የቤተ ክርስቲያን መሪዎች ታስረው እያንዳንዳቸው መቶ መቶ ጅራፍ ተገርፈዋል። አንዱ አራት መቶ ተገርፏል። በግርፋቱ ምክንያት የሞቱም ነበሩ። ስማቸው እስከ ዛሬ ከሚነሣው አንዱ ዋንዳሮ ዳባሮ ነው፤ ታሰረ፣ ተገረፈ፣ ጌታውን ግን አልካደም።

ጣሊያን ተሸንፎ ከአገር ወጣ። ሚሲዮናውያኑም ተመለሱ። ያገኙት 48 ሰው አልነበረም፤ ወደ 10,000 የሚጠጋ ሕዝብ ነበር። ሃሌሉያ!

ይህን ታሪክ ስንሰብክ ብዙ ጊዜ ስለ ጅራፉ እንናገራለን። መናገርም ይገባናል። ነገር ግን በዚያው ታሪክ ውስጥ ሌላ ነገር ተጽፎአል፤ በችኮላ ስናነብ ያመልጠናል። እስር ቤቱ እስረኛን አጥግቦ የሚያበላ ቤት አልነበረም። ዘመድ ያለው ከቤቱ ስንቅ ይመጣለታል፤ የሌለው ይራባል። አማኞቹ ለታሰሩት ወንድሞቻቸው ምግብ ይዘው ይመጡ ነበር። ያመጡት ደግሞ ለወንድሞቻቸው ብቻ የሚበቃ አልነበረም፤ ጠያቂ ለሌላቸው፣ ጌታን ለማያውቁ እስረኞችም ተረፈ። የሰው ልብ የተነካው በዚህ ነው። ይህ ምን ዓይነት ፍቅር ነው ተባለ። ያን ፍቅር አይተው የጠየቁ፣ ጠይቀውም ያመኑ ብዙዎች ናቸው።

አሁን አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ያን ምግብ ማን አዘጋጀው?

ታሪኩ ስማቸውን አልጻፈም። የወላይታን ጓዳ የሚያውቅ ሰው ግን መልሱን ያውቀዋል። አባወራው እስር ቤት ነው። ከብቱን የሚያስገባ፣ ጓሮውን የሚያርም፣ ልጆቹን የሚያበላ ማን ቀረ? ያችው የገበሬ ሚስት።

የቤታችሁን ቆጮ አስቡት። እንሰት ዛሬ ተቆርጦ ዛሬ ለስንቅ አይደርስም። ይፋቃል፣ ጉድጓድ ውስጥ ይቀበራል፣ ለሳምንታት አንዳንዴም ለወራት ይብላላል። ከዚያ ወጥቶ ይጨመቃል፣ ጭረቱ ይከተፋል፣ በኮባ ተጠቅልሎ ይጋገራል። ተክሉ ራሱ ለመድረስ ዓመታት ይፈልጋል። ስለዚህ ወገኖቼ፣ በሶዶ እስር ቤት ደጃፍ የደረሰ ቆጮ የአንድ ቀን ርኅራኄ ብቻ አልነበረም። ከዓመታት በፊት የተተከለ፣ ከወራት በፊት የተፋቀ፣ ለራሷ ልጆች ክፉ ቀን የተቀመጠ ነው። ያን ነው ከጉድጓድ አውጥታ ለማታውቀው እስረኛ የላከችው።

አንዳንዱ ሰው "ጌታ ሲያበዛልኝ እሰጣለሁ" ይላል። እነዚህ እናቶች የሰጡት ሲበዛላቸው አልነበረም፤ ባል ሲታሰርባቸው ነው። ጌታ በቤተ መቅደሱ ሣጥን ፊት ተቀምጦ ሁለት ሳንቲም የጣለችውን መበለት እንዴት እንዳያት ማርቆስ ምዕራፍ 12 ላይ ተጽፎአል። በእጃቸው የነበረው ወንጌል እኮ ማርቆስ ነው! ያን ክፍል ሲነበብ የሰማች እናት ጓዳ ገብታ ምን እንደምታደርግ ሌላ ሰባኪ አላስፈለጋትም።

እንሰት እንዴት እንደሚባዛ ደግሞ ገበሬው ያውቃል። ገና ያልደረሰውን እንሰት ቆርጠው አሚቾውን፣ ማለትም ከአፈር በታች ያለውን ክፍል፣ መሃሉን ጠርበው አፈር ውስጥ ይቀብሩታል። ላዩን ስታየው የሞተ ነው። ከጊዜ በኋላ ግን ከአንዱ አሚቾ ዙሪያ ብዙ ችግኝ ይወጣል። ጌታ በዮሐንስ 12፥24 ስለ ስንዴ ቅንጣት ያስተማረውን የወላይታ ገበሬ በጓሮው ያየዋል። 48 እንዴት 10,000 ሆነ ብላችሁ ብትጠይቁኝ መልሴ ይህ ነው፤ የተቀበረ ነገር አለ። ከጅራፉ ሥር የተቀበረ አለ፤ ከምድጃው ጭስ ውስጥም የተቀበረ አለ።

የሩፎስ እናት

በአገራችን አንዲት ሴት ልጅ ከወለደች በኋላ በስሟ የሚጠራት ሰው ይቀንሳል። የእገሌ እናት ትባላለች። አክብሮት ነው፣ ክፋት የለበትም። ግን ዓመታት ሲያልፉ ጎረቤቱም፣ አንዳንዴ የራሷ የልጅ ልጆችም፣ እናትና አባቷ ያወጡላትን ስም ሳያውቁት ይቀራሉ።

መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥም የእገሌ እናት የተባለች አለች። ወደ ሮሜ ሰዎች 16፥13ን ተመልከቱ። ጳውሎስ ለሩፎስ ሰላምታ ይልክና ለእናቱም ይልካል። የእርሷን ስም አልጻፈም። ነገር ግን የእኔም እናት ናት ብሎአል። ያ ታላቅ ሐዋርያ! ብዙ አገር የዞረ፣ በነገሥታት ፊት የቆመ ሰው፣ አንድ ቦታ አንዲት እናት እንደ ልጇ ተቀብላዋለች። ምን አድርጋለት ይሆን? አልተጻፈም። አንድ ሰው የማይወልደውን ልጅ እናት እስኪባል ድረስ ምን ያደርጋል? አብልታዋለች፣ አሳርፋዋለች፣ ቁስሉን አጥባለታለች ብንል የምንሳሳት አይመስለኝም።

በዚያው ምዕራፍ ጳውሎስ ፌቤንን በስሟ ይጠራል። ማርያምን ይጠራል፤ ብዙ ደክማለች ይላል። ጠርሲዳን ይጠራል። ጳውሎስ ሴቶቹን በጅምላ "እህቶችን ሰላም በሉልኝ" ብሎ አላለፈም። አንዲት በአንዲት ቆጠራቸው። ያን ምዕራፍ የስም ዝርዝር ነው ብለን እንዳንዘለው።

የእኛም ዝርዝር ረጅም ነው። ከጠላት ወረራ በኋላ የወላይታ ወንጌላውያን ወደ ጋሞ፣ ወደ ጎፋ፣ ወደ ኣሪ ሲሄዱ ብዙዎቹ ሚስትና ልጆቻቸውን ይዘው ነው የወጡት። ቋንቋው ሌላ፣ ገበያው ሌላ፣ በሽታው ሌላ። ወንጌላዊው በየመንደሩ ሲዞር እርሷ በማታውቀው አገር ጎጆ ትይዛለች፣ ትወልዳለች፣ እንግዳ ትቀበላለች። ስንቅ የላኩላቸው ደግሞ እዚህ የቀሩት ናቸው፤ ከቡናው፣ ከእህሉ፣ ከቅቤው። በደርግ ዘመን በርካታ ጸሎት ቤቶች ሲዘጉ አምልኮው ወዴት ሄደ? ወደ ጓዳ ሄደ። ጓዳው የማን ነው? የእርሷ ነው። ድምፃችንን ዝቅ አድርገን የዘመርንበት ቤት ባለቤት የነበረችው ያችው እናት ናት። እኛ ጴንጤዎች ከየትኛውም ቤተ እምነት ብንሆን በእነዚህ እናቶች ትከሻ ላይ ታዝለን ነው እዚህ የደረስነው።

ዛሬስ? ዛሬም አለች። መሬቱ ጠቧል፣ ልጆቹ ሥራ ፍለጋ ከተማ ወጥተዋል፣ አንዳንድ ቤት አባወራውም ወጥቷል። እርሷ ውኃ ትቀዳለች፣ ጎደሬውንና ስኳር ድንቹን ታወጣለች፣ ገበያ ወጥታ ትመለሳለች። የጸሎት ቀን ሲደርስ ግን ነጠላዋን ጣል አድርጋ ከፊት የምትቀመጠው እርሷ ናት። መባ ሲሰበሰብ ከነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን የምትፈታው እርሷ ናት። የታመመ ሲኖር ቀድማ የምትደርስ፣ የወለደች ሲኖር ገንፎ ይዛ የምትገባ እርሷ ናት። ሰው አላየ ይሆናል። አምላካችን ግን ያያል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

እኛ ለሞተ ሰው አንጸልይም። የሚያስታርቀን መካከለኛም አንድ ነው፤ እርሱም ኢየሱስ ክርስቶስ ነው። ቃሉ ግን የእግዚአብሔርን ቃል ያደረሱልንን እንድናስብ፣ የኑሮአቸውን ፍሬ አይተን በእምነታቸው እንድንመስላቸው ያዘናል (ዕብራውያን 13፥7)። ማሰብ ደግሞ አበባ ማስቀመጥ ብቻ አይደለም። ሦስት ነገር ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ በሕይወት ሳለች ስሟን ጥሯት። በሽኝቷ ዕለት የምታነቡትን ዛሬ በጆሮዋ ንገሯት። አንተ ወጣት፣ በዚህ ሳምንት ከእናትህ ወይም ከአያትህ ጎን ተቀመጥ። ደብተር ያዝ። "እማ፣ ጌታን መቼ አገኘሽ? ማን መሰከረልሽ? ጸሎት ቤታችን ሲሠራ ሣሩን ማን ተሸከመ? ጭቃውን ማን ረገጠ?" ብለህ ጠይቃት። እሷ "እኔ ምን አደረግሁ ልጄ፣ ጌታ ነው ያደረገው" ትልሃለች። እውነቷን ነው። አንተ ግን ጻፈው። ብዙዎቹ እናቶቻችን የመጻፍ ዕድል አላገኙም፤ አንተ የተማርከው እነርሱ በሸጡት ቅቤና እንቁላል ነው። ብዕርህ የእነርሱ ዕዳ አለበት። ሽማግሌዎች ሆይ፣ የአጥቢያችሁ ታሪክ ሲጻፍ የመሪዎችና የወንጌላውያን ስም ብቻ እንዳይሞላው። ለሩፎስ እናትም መስመር ተዉላት፤ የራሷንም ስም ጠይቃችሁ ጻፉላት።

ሁለተኛ፣ ሸክሟን አንሡ። ይህን በግልጽ መናገር አለብኝ። አንዳንድ ጊዜ እናቶችን የምናመሰግነው ሸክሙን እንዳያወርዱት ነው። በመድረክ ላይ "እናቶቻችን የቤተ ክርስቲያን ምሰሶ ናቸው" ብለን እናስጨበጭብና፣ ከመድረክ ወርደን ምሳው ለምን ዘገየ እንላለን። እስቲ በኮንፈረንሳችን ጊዜ ከጸሎት ቤቱ ጀርባ ሂዱና እዩ። ሺህ እንግዳ ሲበላ ሦስት ቀን ሙሉ በጭስ ውስጥ ያሉት እነማን ናቸው? ስብከቱን የሚሰሙት በድምፅ ማጉያ ነው፤ ያውም የድስቱ ድምፅ ካሳለፈላቸው። ጌታችን በቢታንያ ማርያምን ከእግሩ ሥር አስቀመጣት፤ ያን ቦታ ማንም እንዳይወስድባት ተከላከለላት (ሉቃስ 10፥38-42)። እኛ ያን ቦታ ወስደንባቸው ከሆነ እንመልስ። ወንድሞች፣ በሚመጣው ኮንፈረንስ እንጨት ፍለጡ፣ ውኃ ቅዱ፣ ሳህን እጠቡ። እናቶች በተራ ገብተው ቃሉን ይስሙ። በቤትም እንደዚሁ። ሚስትህ ጀሪካን አዝላ፣ ልጅ አቅፋ፣ አንተ መጽሐፍ ቅዱስህን ብቻ ይዘህ ከፊት ከፊት የምትሄድ ከሆነ፣ ወንድሜ፣ ያ መጽሐፍ ራሱ ይወቅስሃል።

ሦስተኛ፣ ያዳናት ሥራዋ እንዳልሆነ አትርሱ። ዶርቃ የዳነችው ስለ ሰፋች አይደለም። የወላይታ እናቶችም ቆጮ ስለተሸከሙ አልዳኑም። አስቀድሞ ጌታ እነርሱን ተሸከማቸው፤ በመስቀል ላይ። ከዚያ በኋላ እጃቸው ዝም ብሎ ሊቀመጥ አልቻለም። ይህን ቅደም ተከተል ካፋለስነው እናቶቻችንን እናሳስታቸዋለን። ዛሬ አርጅታ፣ ዓይኗ ደክሞ፣ ጉልበቷ አልቆ "አሁን ለጌታ ምንም የማደርግለት የለኝም" ብላ የምታዝን እናት ካለች ስሚኝ፣ እናቴ። ጌታ የሚወድሽ ስለምትጋግሪ አይደለም። ከመጋገርሽ በፊት ወዶሻል፤ መጋገር ባትችዪም ይወድሻል። ስምሽ በሰማይ የተጻፈው በእጅሽ ሥራ ሳይሆን በእርሱ ደም ነው።

የእናት እምነት በውርስ አይገኝም

በመጨረሻ ለአንተ ልናገር፤ አዎ፣ ለአንተ። የአማኝ ልጅ ነህ። ገጠር ተወልደህ ሶዶ ወይም ሐዋሳ ወይም አዲስ አበባ ገብተሃል። "እናቴ ጸላይ ናት" ትላለህ። በችግርህ ጊዜ ስልክ ደውለህ "እማ፣ ጸልዪልኝ" ትላለህ። አንተ ግን ራስህ ተንበርክከህ አታውቅም፤ ወይም ከተንበረከክህ ዓመታት አልፈዋል።

ወንድሜ፣ እንሰት ይወረሳል፣ ቤት ይወረሳል። እምነት ግን አይወረስም። ጳውሎስ ስለ ጢሞቴዎስ ሲጽፍ እምነቱ አስቀድሞ በአያቱ በሎይድና በእናቱ በኤውንቄ እንደነበረ ያስታውሳል፤ በዚያ ግን አያቆምም፤ በራሱ በጢሞቴዎስም እንዳለ ተረድቶአል (2 ጢሞቴዎስ 1፥5)። ጥያቄው ይህ ነው። በአያትህ ነበረ። በእናትህ አለ። በአንተስ?

እናትህ አንድ ቀን ታርፋለች። በሽኝቷ ላይ ቆመህ ታሪኳን ታነብባለህ። ዶርቃን ከሞት ያስነሣ ጌታ እርሷንም በመለከት ድምፅ ያስነሣታል፤ በዚህ አንጠራጠርም። በዚያ ቀን እርሷ ስትነሣ አንተ የት ትሆናለህ? ከሁሉ የሚበልጠው መታሰቢያዋ የምታቆምላት ሐውልት አይደለም፤ በእርሷ ጌታ አምነህ ከእርሷ ጎን መገኘትህ ነው። እርሷ የጸለየችውም ይህንኑ ነው።

ዛሬ ልብህን ለጌታ ለመስጠት ከፈለግህ፣ ካለህበት ሆነህ ከልብህ እንዲህ ብለህ ጸልይ፤

ጌታ ኢየሱስ ሆይ፣ የእናቴን አምላክ በሩቅ አውቄሃለሁ፤ ዛሬ ግን የእኔ ጌታ እንድትሆን እፈልጋለሁ። ኃጢአተኛ ነኝ። ስለ እኔ ሞተህ እንደተነሣህ አምናለሁ። በደምህ እጠበኝ፣ በመንፈስ ቅዱስህ ሙላኝ፣ እጆቼንም ለተራበና ለታሰረ ሰው የሚዘረጉ አድርጋቸው። አሜን።

ይህን ጸሎት ከጸለይህ በአቅራቢያህ ወደሚገኝ የአማኞች ኅብረት ሂድና ለመሪዎቹ ንገራቸው። ከዚያ በፊት ግን አንድ ሰው ጋ ደውል። ማን እንደሆነች ታውቃታለህ። እስከ ዛሬ "ጸልዪልኝ" ስትላት ነበር፤ ዛሬ "እማ፣ ጸሎትሽ ተመለሰ" በላት።

ጌታ ይባርካችሁ።